አንድ ክንድ ፈቀቅ

እንግሊዝ አገር፣ ዶርሴት ውስጥ፣ አጥር የሚያጥር ድርጅት ዘንድ ስሠራ ነው። የዚያን ቀን ሥራ ቀላል ነበር። የበሰበሰ ችካል መንቀል፣ በዚያው ጉድጓድ አዲስ መትከል። አለቃዬ ጠዋት ሁለቴ ነግሮኛል፦ «በድሮው ጉድጓድ ብቻ!» እሺ አልኩት። እሺ ማለት አይከፈልበት።

ቦታው ሜይደን ካስል ይባላል። ካስል ሲሉኝ የድንጋይ ግንብ ጠብቄ ነበር። የለም። በግ የሚግጥበት ኮረብታ ነው፤ ስፋቱ 19 ሄክታር ገደማ። ዙሪያውን ግን ጥልቅ ቦይ ተምሶ፣ አፈሩ ከላይ ተቆልሎ፣ በድርብርብ የአፈር አጥር ታጥሯል። የዛሬ 2,600 ዓመት ገደማ የተጀመረ የሰው መንደር ነበር። ለእኔ ያኔ ሣር ነው።

ዘጠነኛው ችካል ተሰብሮ ጉቶው ውስጥ ቀረ። ዝናቡም መጣ። ማን ያየኛል ብዬ አንድ ክንድ ፈቀቅ አልኩና ቆፈርኩ። መጀመሪያ ጥቁር አፈር፣ ከዚያ እንደ ጠመኔ ነጭ። አካፋው አንዲት ጠጠር ይዞ ወጣ። ልሙጥ፣ እንቁላል የምታክል። በሱሪዬ ጠርጌ መዳፌ ላይ አገላበጥኳት። ልጅ ሆኜ ማማ ላይ ማሽላ ጠብቄያለሁ፤ እጄ ወዲያው አወቃት። የወንጭፍ ጠጠር!

አለቃዬ ጉድጓዱን ሲያይ ፊቱ በርበሬ መሰለ። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣ ሕግ አለ፤ እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ ያለ ፈቃድ መቆፈር ያስከስሳል፣ ባለመሬቱን ጭምር። ራሱ ደውሎ አመለከተ። ሥራ ቆመ።

በማግስቱ አንዲት የቅርስ ባለሙያ መጡ። ጠጠሯን ኮራ ብዬ ሰጠኋቸው።

«ልክ ነህ፣ የወንጭፍ ናት» አሉ። «እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ቁፋሮ እዚህ ከ20 ሺህ በላይ ተገኝቷል። የጥንቶቹ ነዋሪዎች ከቼዝል የባሕር ዳርቻ እየለቀሙ ያመጡት ነው። ጠጠርስ ሞልቶናል። ከጥቁሩ ነው ያገኘሃት ከነጩ?»

ዝም አልኩ። ከጥቁሩ ከሆነ ኋላ ተንከባላ የመጣች ልትሆን ትችላለች። ከነጩ ከሆነ ግን አፈሩ ሲቆለል አብራ የገባች ናት። እኔ ሁለቱንም ቀላቅዬ ከምሬዋለሁ። የተጣበቀባትን አፈር እንኳ ጠርጌዋለሁ። ሴትዮዋ ሱሪዬን አዩና ማስታወሻቸውን ዘጉ።

ሁለት ቀን ያለ ደሞዝ ተቀመጥን። ስንመለስ ያንን ጉቶ በእጄ እየፈለቀቅኩ አወጣሁት። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም።