ቡፌው ላይ ያለው ድንጋይ

ማታ 3 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ያወቅኩት የዓሳ ገንዳዬ ፓምፕ ዝም ሲል ነው። ለ23 ቀናት ድምፁን ለምጄው ኖሮ፣ ሲቆም ቤቱ ጭር አለብኝ። የስልኬን መብራት ይዤ ገንዳው ፊት ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ዓሳ ገና አልገባም። ቢኖር ኖሮ በባትሪ የሚሠራውን ትንሽ የአየር ፓምፕ ፍለጋ ስሯሯጥ ነበር፤ ውሃው ካልተንቀሳቀሰ ኦክስጅን ያልቅባቸዋል። አሁን ግን ውስጡ ያለው ጨዋማ ውሃ፣ አሸዋና ድንጋይ ብቻ ነው፤ ድንጋዩ ላይ ደግሞ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች አሉ።

ሆዴ ባባ። ለምን እንደሆነ እንጃ።

ምናልባት ጠዋት ከሠራሁት ምርመራ ጋር ይያያዝ ይሆናል። ታውቃላችሁ፣ ገንዳው ዓሳ ከመቀበሉ በፊት መብሰል አለበት። ትንሽ የዓሳ ምግብ ጣል ታደርጋላችሁ፣ ይበሰብሳል፣ አሞኒያ ይወጣዋል። አሞኒያ ለዓሳ መርዝ ነው። አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ይመጣና ወደ ናይትራይት ይቀይረዋል፤ እሱም መርዝ ነው። ሌላ ዓይነት ደግሞ ይመጣና ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይቀይረዋል፤ ይሄኛው ብዙ ካልተጠራቀመ አይጎዳም። ይሄ ሁሉ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። እስከዚያ መጠበቅ ነው። ባለፈው ሳምንት የመመርመሪያ ብልቃጧ ውስጥ ያለው ውሃ እንደ ጎመን አረንጓዴ ሆኖ ነበር፤ አሞኒያ አለ ማለት ነው። ዛሬ ጠዋት የመመርመሪያ ጠብታዎቹን ጨምሬ፣ አወዛውዤ፣ መስኮቱ ጋ ቆሜ ጠበቅኩ። ቢጫ ሆነ። ጥርት ያለ የሎሚ ቢጫ። አሞኒያው አልቋል ማለት ነው። የምነግረው ሰው ፈልጌ ዞር ስል ቤት ውስጥ ማንም አልነበረም።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ጨው ነው። ለምን የወጥ ጨው አትጨምሪም ይሉኛል። የባሕር ውሃ እኮ ጨው ብቻ አይደለም። ካልሲየም አለው፣ ማግኒዚየም አለው፣ ፖታሲየም አለው፤ ኮራል የሚባለው የባሕር እንስሳ አጥንቱን የሚሠራው በዋናነት ከካልሲየሙ ነው። እህቴ ከዱባይ ስትመጣ የራሷን ልብስ ቀንሳ የባሕር ውሃ መሥሪያ ጨው ከረጢት ይዛልኝ መጣች። ለአንድ ሊትር ወደ 35 ግራም። የኔ 120 ሊትር ስለሆነ ከ4 ኪሎ በላይ ገባበት፣ በኩሽና ሚዛን እየመዘንኩ፣ በባልዲ እያማሰልኩ። የቧንቧውን ውሃ መጀመሪያ አጣራሁት፤ የኛ የስምጥ ሸለቆ ውሃ ብዙ ነገር ይዞ ነው የሚመጣው።

ከዚያ በኋላ ደግሞ ይተናል። ሲተን የሚሄደው ውሃው ብቻ ነው፣ ጨው ይቀራል። ስለዚህ በየቀኑ የምጨምረው ጨው የሌለበት ውሃ ነው። ገንዳው አፍ ላይ ነጭ ነገር ጋግሯል። ዛሬ ማታ በጨለማ እጄን ስደግፍ ክንዴ ላይ ቀረ። ቀመስኩት።

እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም። አባዬ ግን አሰብ ወደብ ላይ ሠርቷል፣ በ1983 ነው የወጣው። አንድ ሻንጣ ይዞ። እዚህ መጥቶ፣ አግብቶ፣ እኛን ወልዶ፣ ይሄው ሀዋሳ ላይ አረጀ። ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር ይወጣል፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች መሃል በጋዜጣ ላይ ይቀመጣል፣ አሞራ ገደል የዓሳ ገበያ ጎራ ብሎ ቆሮሶ ዓሳ ይገዛልናል። እዚህ ሰዉ ሐይቁን ባሕር ሲለው ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። አባዬ ግን አንድም ቀን ባሕር ብሎት አያውቅም። ሐይቅ ነው የሚለው።

አባዬ ቤት ቡፌው ላይ፣ ከሸክላ ስኒዎቹ ጎን፣ አንድ ነጭ ድንጋይ አለ። ልጆች እያለን እንዳንነካው ተነግሮናል። «የባሕር ድንጋይ ነው፣ ተይው» ይለኝ ነበር፣ ሌላ ቃል የለም። በየሳምንቱ ቅዳሜ በደረቅ ጨርቅ የሚወለውለው ራሱ ነው። እማዬ እንኳን አትነካውም። ይሄን ገንዳ ልሥራ ብዬ ማንበብ ስጀምር ነው ምን እንደሆነ የገባኝ። ኮራል ነው። ድንጋይ የሚመስለው የእንስሳ አጥንት ነው። ባለፈው ሄጄ እሱ ሲተኛ ጠጋ ብዬ አየሁት። ላዩ በጥቃቅን ጉድጓዶች የተሞላ ነው፤ የምስር ፍሬ ታህል ይሆናል እያንዳንዷ፣ ውስጧ እንደ ኮከብ የተሰነጠቀ። በየአንዳንዷ ጉድጓድ ውስጥ አንድ አንድ እንስሳ ይኖር ነበር። አንዷ ጉድጓድ ውስጥ ትንሽ አሸዋ አለች። ጨርቁ አልደረሰባትም። የአሰብ አሸዋ ትሆን?

አፋርም ውስጥ እንዲህ ያለ ኮራል አለ፣ ታውቃላችሁ? ደናክል ዳርቻ ላይ። ከ100,000 ከሚበልጥ ዓመት በፊት ቀይ ባሕር እስከዚያ ይገባ ነበር። ባሕሩ ሲሄድ ጨውና ኮራሉ ቀሩ። ይሄን ካነበብኩ ጀምሮ ከጭንቅላቴ አልወጣም። አባዬን ባየሁት ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ዓሳ ላረባ ነው ስለው «ሐይቁ እያለልሽ?» አለኝ። የጨው ውሃ መሆኑን አልነገርኩትም። እሁድ ይመጣል፣ ጉልበቱ ከፈቀደለት። አንድ ነገር እያሰብኩ ነው። የሞተ ኮራል ገንዳ ውስጥ ቢገባ ባክቴሪያ ይሰፍርበታል፣ ትንንሽ ፍጥረቶች ይገቡበታል፣ ነገሩ ከቀናም አንድ ቀን ትንሽ ሕያው ኮራል ላዩ ላይ ተጣብቆ ያድጋል። ግን ነጭ ሆኖ አይቀርም። መጀመሪያ ቡናማ ዝቃጭ ይለብሳል፣ ቆይቶ ደግሞ ወይን ጠጅ መሰል ቅርፊት ይሸፍነዋል። አባዬ ይሄን ሁሉ ዓመት የወለወለው ነጩን ነው።

ስጠኝ ልበለው? ወይስ መጀመሪያ እጁን ውሃው ውስጥ ከትቶ እንዲቀምሰው ልተወው?