ለበጎ ነው ባይዋ

ዛሬ ያለ ምክንያት ደስ ብሎኛል። ምክንያት ያለው ደስታ ብዙም አያሳስበኝም። ይሄኛው ግን ያጠራጥራል። ሰማዩ ከማለዳ ጀምሮ ዳምኗል። መርከቡ ይወዛወዛል። ልንወርድበት የነበረው ደሴትም ቀርቷል። እኔ ግን የካቢናችን በረንዳ ላይ እግሬን ሰቅዬ እያንጎራጎርኩ ነው።

አብራኝ የምትጓዘው መ. በመስታወቱ በር በኩል ገልመጥ አደረገችኝ። እሷ ስትገላመጥ ቃል አያስፈልጋትም።

ዛሬ ካሪቢያን ባሕር ላይ ባለችው ግራንድ ኬይማን ደሴት መዋል ነበረብን። ዋና ከተማዋ ጆርጅ ታውን ላይ ትልልቅ መርከቦች ተጠግተው የሚቆሙበት ቦታ የለም። መርከቡ ራቅ ብሎ ይቆምና ሰዉ በትንንሽ ጀልባ ይመላለሳል። በቀዝቃዛዎቹ ወራት ከሰሜን ምዕራብ የሚነሳው ነፋስ ማዕበሉን ቀጥታ ወደቡ ላይ ያመጣዋል። ያኔ ጀልባው ወደ ላይ ሲል መርከቡ ወደ ታች ይላል፤ መሐል ላይ እግሩን ዘርግቶ የሚሻገረው መንገደኛ ነው ጉዱ የሚፈላው። ካፒቴኑ በጠዋት ድምፅ ማጉያውን ከፈተና በዚያ እንቅልፍ በሚያመጣ ድምፁ አዝናለሁ አለ። የወደቡ ክፍያ ይመለስላችኋል አለ። ቡፌው ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው አለ። አለቀ።

መ. ለዚህ ደሴት ስትዘጋጅ ነው የከረመችው። ስቲንግሬይ የሚባሉት ጠፍጣፋ ዓሦች ሰው ሳይፈሩ በእግር ሥር የሚዋኙበት ጥልቀት የሌለው አሸዋማ ቦታ አለ። ድሮ ዓሣ አጥማጆች እዚያ ቆመው ዓሣቸውን ሲያጸዱ ትርፍራፊውን ውሃ ውስጥ ይጥሉት ነበር፤ እነሱም በዚያው ለመዱ። ይህን ሁሉ የነገረችኝ እሷ ናት። እኔ የደሴቱን ስም በቅጡ የያዝኩት መርከቡ ላይ ከወጣን በኋላ ነው።

"ለበጎ ነው" አልኳት።

"ምኑ ነው በጎ?"

"አናውቅማ። ጀልባዋ ብትገለበጥስ ኖሮ?"

"አንቺ ልጅ፣ እባክሽ ዝም በይ።"

ዝም ብዬ ባሕሩን ማየት ጀመርኩ። ዛሬ ግራጫ ነው። ትናንት ኮዙሜል በምትባለው የሜክሲኮ ደሴት ላይ እንዲህ አልነበረም። ለማያውቀው ሰው ቀለሙን ልግለጽ ብል ማጋነን ይመስልብኛል። ጀልባዋ ውሃ ላይ ሳይሆን አየር ላይ የተንጠለጠለች ትመስል ነበር፤ ጥላዋ ከታች አሸዋው ላይ ለብቻው ተነጥፏል። አስጎብኚያችን ፊታችንን ውሃ ውስጥ ነክረን የምናይበትን የስኖርክል መነጽር እያደለ አንድ ነገር ጣል አደረገ። "ውሃው እንዲህ የጠራው ድሃ ስለሆነ ነው" አለ። ሰዉ ሳቀ። ቀልድ መስሎን ነበር።

ቀልድ አይደለም። ፀሐይ ላዩን ስታሞቀው የሞቀው ውሃ ከሥር ባለው ቀዝቃዛ ውሃ ላይ እንደ ክዳን ይቀመጣል። ሁለቱ አይቀላቀሉም። ለጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት ምግብ የሚሆነው ንጥረ ነገር ደግሞ ያለው ታች ነው። ስለዚህ ላይኛው ውሃ ውስጥ ፕላንክተን የሚባሉት እነዚያ ተንሳፋፊ ጥቃቅን ፍጥረታት አይበዙም፤ የሚያደፈርሰው ነገር የለም፤ ብርሃን ሳይደናቀፍ ይገባል። በምግብ የበለጸገ ባሕር አረንጓዴ፣ ድፍርስ ያለና ለፎቶ የማይመች ነው። እኛ ያን ሁሉ ገንዘብ ከፍለን ልናየው የመጣነው ሰማያዊ፣ በሌላ አነጋገር፣ ባዶ ነው።

ይህ ነገር ትናንት በአንድ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ወጥቶ ነበር። ዛሬ በረንዳው ላይ ተመልሶ መጣና ቁጭ አለ። ደስታዬን ጠርጥሬዋለሁ ብያችሁ የለ? ጭንቅላቴ እንዲህ ጥርት፣ ፈካ ያለው እንደዚያ ባሕር ምንም ስለሌለበት ቢሆንስ?

ለነገሩ መርከብ ላይ ጭንቅላት ምን ሥራ አለው? ምን እንደሚበላ ሌላ ሰው አስቦበታል። የት እንደምንሄድ ካፒቴኑ ያውቃል። አልጋው ይነጠፋል፤ ፎጣው ማታ ማታ ታጥፎ ዝሆን ወይም ዝንጀሮ ሆኖ ይጠብቃል። እንዲህ ሆኖ ቀና አመለካከት አለኝ ማለት ራሱ ያሳፍራል። መሬት ላይ ወረፋ ይዤ፣ ኔትወርክ ተቋርጦብኝ ለበጎ ነው ካልኩ ያኔ እናወራለን።

ብቻ ነገሩ በባዶነቱ እንዳላበቃ ትዝ አለኝ። በዚያ ድሃ ውሃ ውስጥ፣ ከኮዙሜል ፊት ለፊት፣ ከሜክሲኮው የዩካታን ልሳነ ምድር ጫፍ እስከ ሆንዱራስ ደሴቶች የሚዘልቅ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ የኮራል ሪፍ አለ፤ ኮራል የሚባሉ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት በአጥንታቸው የገነቡት ግንብ ነው። ከአውስትራሊያው ቀጥሎ በዓለም ሁለተኛው ትልቁ ነው። ፊቴን ውሃ ውስጥ ሳስገባ ገበያ ነው የጠበቀኝ። ቢጫው፣ ባለ ጭረቱ፣ ሐምራዊው፣ ሁሉም የቸኮለበት ጉዳይ ያለው ይመስላል። ፓሮት ፊሽ የሚባለው ደግሞ ወፍራም ምንቁር የመሰለ ጥርስ አለው። ድንጋዩን ሲቆረጥመው ድምፁ በጆሮዬ ይሰማኝ ነበር፤ ቀርጠፍ፣ ቀርጠፍ። ድንጋዩ ላይ ያለውን አልጌ፣ ያን ዕፅ መሰል ነገር፣ ለመብላት ኮራሉን አብሮ ይፈጨውና በኋላ በኩል ነጭ አሸዋ አድርጎ ይለቀዋል። እዚህ አካባቢ ሰው ተንጋሎ ፎቶ የሚነሳበት አሸዋ ቀላል የማይባለው የዚህ ዓሣ ኩስ ነው። መ. ይህን የነገረችኝ አሸዋው ላይ ተጋድሜ ፊቴን ከቀበርኩ በኋላ ነበር። ጊዜ መምረጥ ትችልበታለች።

ታዲያ በባዶ ውሃ ውስጥ ይህ ሁሉ ፍጥረት ምን በልቶ ይኖራል? በተፈጥሮ ተመራማሪው በቻርልስ ዳርዊን ስም የዳርዊን እንቆቅልሽ ይሉታል። አንዱ መልስ ኮራሉ ሰውነት ውስጥ ነው ያለው። በዓይን የማይታዩ አልጌዎች እዚያ ተከራይተው ይኖራሉ። በፀሐይ ብርሃን ስኳር ይሠራሉ፤ አብዛኛውን ለባለቤቱ ይሰጡታል። እሱ በበኩሉ የራሱን ቆሻሻ ይሰጣቸዋል፤ ለእነሱ ምግብ ነው። ምንም ነገር አይባክንም። ውጭው ድሃ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ግን ሁለቱ ተደጋግፈው ቤታቸውን ሞቅ አድርገው ይኖራሉ።

እዚህ ጋ ስደርስ ዞር ብዬ መ.ን አየኋት። አልጋው ላይ ቁጭ ብላ የነገው ፕሮግራም ያለበትን ወረቀት በእስክሪብቶ እያሰመረችበት ነበር።

ይህቺ ሴት ሁለት ፓስፖርት በአንድ ፕላስቲክ ጠቅልላ ትይዛለች። አንዱ የኔ ነው። የባሕር በሽታ መድኃኒት ከወዲሁ ገዝታ የመጣችው እሷ ናት። ካቢናችን መርከቡ መሐል፣ ዝቅ ያለው ፎቅ ላይ ይሁን ብላ የተከራከረችው እሷ ናት፤ መወዛወዙ እዚያ ይቀንሳል። የአደጋ ጊዜ ጥሪው ሰባት አጭርና አንድ ረጅም ፊሽካ መሆኑን፣ እኛ የምንሰበሰበው የት እንደሆነ ታውቃለች። እ.ኤ.አ. በ2012 ኮስታ ኮንኮርዲያ የምትባል የመዝናኛ መርከብ ጣሊያን ጠረፍ ላይ ስትገለበጥ አዲስ የተሳፈሩት መንገደኞች ገና ልምምዱን አላደረጉም ነበር ብላ ያጫወተችኝ እራት ላይ ነው። እኔ ጣፋጩን ላምጣ ወይስ ፍራፍሬውን እያልኩ ነበር።

ትናንት ደግሞ ሰዓት። መርከቡ የሚሄደው በመርከቡ ሰዓት ነው፤ የዘገየን ሰው ጥሎት ይሄዳል። እኔ ባሕሩ ዳር ትንሽ እንቆይ አልኩ። "የለም፣ ተነሽ" አለች። እየተነጫነጭኩ ተነሳሁ። ከዚያ ላይኛው ፎቅ ላይ ቆመን መጠጥ ይዘን ታች ስናይ አንድ ባልና ሚስት የጀልባ ማረፊያውን ድልድይ ይዘው ይሮጣሉ። እሷ ነጠላ ጫማዋን በእጇ ይዛለች፤ እሱ ትልቅ የገለባ ባርኔጣውን በአንድ እጁ ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ ያለከልካል። ላይ ያለው ሕዝብ ያጨበጭባል፣ ያፏጫል። እኔም አጨበጨብኩ። ደረሱ፣ ተመስገን። መ. ግን አላጨበጨበችም። ዝም ብላ አየችኝ።

ገባኝ። እነዚያ ሁለቱ ሁለቱም ለበጎ ነው ባዮች ናቸው።

እንግዲህ የኔ ቀና አመለካከት የሚቀለበው ከየት ነው? እሷ ስለምትጨነቅ እኔ ደስ ይለኛል። እሷ ወረቀቱን ስለምታነብ እኔ ባሕሩን አያለሁ። ሰዉ ደግሞ የሚያመሰግነው እኔን ነው። "አንቺ እኮ ሁሌ ፈገግታ ነሽ፣ ከአንቺ ጋር መጓዝ ደስ ይላል" ይሉኛል። እሷን "ምነው ትንሽ ዘና ብትይ" ይሏታል። ቆይ፣ እሷ ዘና ብትል እኛ የት ነው የምንሆነው?

ኮራሉ ግን አንድ የከፋ ጠባይ አለው። ውሃው ከልክ በላይ ሲሞቅበት እነዚያን የሚመግቡትን አልጌዎች ያባርራቸዋል። ይነጣል። ቶሎ ካልተመለሱለት በረሃብ ይሞታል። እ.ኤ.አ. በ2023 የካሪቢያን ባሕር ሲግል በየቦታው የሆነው ይኸው ነው። እና እኔም ሲሞቅብኝ፣ "እባክሽ አታስጨንቂኝ" ብዬ በሩን ዘግቼባት አላውቅም? አውሮፕላን ማረፊያው ላይ? እሺ፣ ይቅር። እሱን ሌላ ጊዜ።

ወደ ውስጥ ገባሁና ሁሉንም ነገርኳት። ባዶውን ባሕር፣ ተከራዮቹን፣ ስኳሩን። እስክሪብቶዋን ሳታስቀምጥ አዳመጠችኝ።

"ቆይ" አለች፤ "እኔ አልጌ ነኝ ማለት ነው?"

"እንደዛ አላልኩም።"

"ታዲያ ኮራሉ ማን ነው?"

ኮራሉ እኔ ነኝ ልል ነበር። ግን ኮራሉ ቤት ሠሪ ነው፤ አጥንቱን እየገነባ ደሴት የሚያቆም ነው። እኔ ምን ሠራሁ? ታዲያ አልጌዋ እኔ ልሁን? አልጌ ፀሐይ ላይ ተኝታ ስኳር ትሠራለች። ፀሐይ ላይ መተኛቱስ ይስማማኛል፤ ስኳሩ ነው ያጠራጠረኝ። ለመ. ከኔ የሚደርሳት ስኳር ምንድን ነው? ዛሬ ደሴቷን ሳታይ ስትቀር ለበጎ ነው ማለቴ ይሆን? እሱማ ስኳር አይመስልም ነበር፤ ፊቷን አይቼዋለሁ።

ጠየቅኳት። "እኔ ምንሽ ነኝ?" አልኳት በቀጥታ።

ትንሽ አሰበች። በእስክሪብቶዋ ጫፍ አገጯን ነካ ነካ አደረገች።

"ሻንጣዬ" አለች።

ሳቅን። እኔ ከሷ በላይ ሳቅኩ፤ እንደተለመደው። ከዚያ ነገ ስንት ሰዓት ላይ እንደምንወርድ ጠየቅኳት፤ ወረቀቱን ሳታይ ነገረችኝ። አሁን ይህን እየጻፍኩ ሰዓቱ ጠፍቶኛል። ደግሜ ልጠይቃት አፈርኩ።