ያልመጣው ውሽንፍር

ሌሊቱን አልተኛሁም። ከባድ አውሎ ነፋስ ይመጣል ተብሎ ነበርና መስኮቶቹን ከውስጥ ደግፌ፣ ስልኬን ቻርጅ አድርጌ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ ወንበር ላይ ቁጭ እንዳልኩ ነጋ። ነፋሱ አንድ ሁለቴ በሩን ነቀነቀው፤ ትንሽ አካፋ፤ ከዚያ ዝም አለ። ጎህ ሲቀድ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳየው እፎይ ማለት ሲገባኝ ተናደድኩ። የምን ንዴት እንደሆነ ለራሴ ለማስረዳት ነው ይህን የምጽፈው።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ታላቅ ወንድሜ ደወለ። «እንግዲህ የዛሬን ሌሊት ያላወቁ ሰዎች ናቸው ምድር በመቶ ዓመት ውስጥ ምን ያህል እንደምትሞቅ የሚነግሩን» አለኝ። «ጋሼ፣ እሱ እኮ ሌላ ነገር ነው» አልኩት። «ሌላነቱ ምኑ ላይ ነው?» ሲለኝ በቅጡ የምመልሰው አጣሁ። ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት «ከእንግዲህ ማስጠንቀቂያ ቢሉ ባይሉ፣ እማዬን ከእንቅልፏ አልቀሰቅስም» አለ። እናታችን የምትኖረው እሱ ጋ ነው። ቀኑን ሙሉ የከነከነኝ ይኸው ነው።

እኔም አንድ ጊዜ እንዲሁ ብያለሁና። ከስድስት ዓመት በፊት በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ማስጠንቀቂያ ወጣ። በመጀመሪያው ቤታችንን ዘግተን ሄድን፤ ምንም ሳይመጣ ተመለስን። ለሁለተኛው ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። እናቴን «ተኚ፣ ምንም የለም» ያልኳት እኔ ነኝ። በዚያ ሌሊት የጣሪያው ግማሽ ተገነጠለ፤ እናቴ በጨለማ ወደ በሩ ስትሮጥ ወድቃ ክንዷ ተሰበረ። አሁንም ብርድ ሲሆን ያን ክንዷን ታሸዋለች። ባየኋት ቁጥር ዓይኔን አሸሻለሁ።

ስለዚህ ዛሬ ንዴቴ በረድ ሲልልኝ ማስጠንቀቂያውን መልሼ አነበብኩት። የመጀመሪያው መስመር ከባድ አውሎ ነፋስ እንደሚጠበቅ ይናገራል። ትናንት ያነበብኩት እሱን ብቻ ነበር። ሁለተኛው መስመር ግን የአውሎ ነፋሱ ማዕከል ወደ ደቡብ ሊያዘነብል እንደሚችል፣ ያ ከሆነ እኛ ዘንድ ቀላል ዝናብ ብቻ እንደሚኖር ይገልጻል። የሆነውም እሱ ነው። ተሳስተዋል ብዬ የተናደድኩባቸው ሰዎች የሆነውን ነገር አስቀድመው ጽፈውልኝ ነበር።

ትንበያ ላይ የምናየው ሥዕል ራሱ በቀላሉ ያሳስታል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሃሪኬን ማዕከል (ሃሪኬን የሚሉት ብርቱ አውሎ ነፋስን ነው) አውሎ ነፋሱ ከፊቱ ያለውን መንገድ ወደ ፊት እየሰፋ በሚሄድ ሾጣጣ ቅርጽ ያሳያል። ቅርጹ የሚሠራው ያለፉት አምስት ዓመታት ስህተቶች ተለክተው ነው፤ የአውሎ ነፋሱ ማዕከል ከሦስት ጊዜ ሁለቱን ያህል ውስጡ እንዲያልፍ ተደርጎ ነው የሚሰፈረው። እንግዲህ አንድ ሦስተኛው ወደ ውጭ እንደሚወጣ ከመጀመሪያው የታወቀ ነው። ደግሞም ሥዕሉ የሚያሳየው የማዕከሉን መንገድ እንጂ የነፋሱንና የጎርፉን ስፋት አይደለም። ከመስመሩ ውጭ ነኝ ብሎ የተኛ ሰው ሊጎዳ ይችላል። ይህን ስድስት ዓመት ሙሉ ሳላውቅ መኖሬ ያሳዝነኛል።

በመንገድ ትንበያ የተገኘው መሻሻል ግን ሊነገር የሚገባው ነው። (ዓመታቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በ1990 አካባቢ የአትላንቲክ አውሎ ነፋስ ከሦስት ቀን በኋላ የት እንደሚሆን ሲተነበይ በአማካይ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይሳሳቱ ነበር። ዛሬ ስህተቱ በአማካይ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። በ2012 ሳንዲ የተባለው አውሎ ነፋስ ወደ ውቅያኖሱ መሃል መሄዱን ትቶ ወደ ግራ ታጥፎ የአሜሪካን ምሥራቃዊ ዳርቻ እንደሚመታ የአውሮፓው የአየር ትንበያ ማዕከል የኮምፒውተር ሞዴል ከሳምንት በፊት አመልክቷል።

በሌላ በኩል ኦቲስ አለ። ኦክቶበር 2023 ላይ ከሜክሲኮ በስተ ደቡብ ባሕር ላይ የተነሳው ይህ አውሎ ነፋስ መካከለኛ ጉልበት ይኖረዋል ተብሎ ነበር የተገመተው። አንድ ቀን በማይሞላ ጊዜ ከተራ የሐሩር አካባቢ ውሽንፍር ተነስቶ የመጨረሻው፣ አምስተኛው ደረጃ ላይ ደረሰ። ከሰዓት በኋላ የመለኪያ አውሮፕላን ሆዱ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ሞዴሎቹ ጉልበቱን አላዩትም። ከእኩለ ሌሊት በኋላ በሰዓት ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ በሚነፍስ ነፋስ የሜክሲኮዋን ከተማ አካፑልኮን መታ። ትንበያ አውጪዎቹ ራሳቸው በዚያ ምሽት ዘገባቸው ላይ ሁኔታውን ቅዠት ብለው ጽፈውታል። የአውሎ ነፋስን መንገድ የሚወስነው በዙሪያው ያለው ትልቁ የአየር ፍሰት ነው፤ ያንን መለካት ይቻላል። ጉልበቱን የሚወስነው ግን ከሥሩ ያለው የባሕር ሙቀትና ዓይኑ በሚባለው መሃሉ አካባቢ ያለው ትንንሽ እንቅስቃሴ ስለሆነ በቀላሉ አይያዝም። ጋሼ ትንበያ ይሳሳታል ሲል ኦቲስን ቢጠቅስልኝ ኖሮ እሺ ከማለት በቀር ሌላ መልስ አልነበረኝም።

የስህተቱን ምንጭ በደንብ ያሳየው አሜሪካዊው የአየር ሁኔታ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሎሬንዝ ነው። በ1961 በኮምፒውተሩ የሠራውን የአየር ስሌት ከመሃል ጀምሮ ሊደግመው ፈለገና ከወረቀቱ ላይ 0.506 ብሎ አስገባ። ማሽኑ ውስጥ የነበረው ቁጥር ግን 0.506127 ነበር። ቡና ጠጥቶ ሲመለስ ሁለተኛው የአየር ሁኔታ ከመጀመሪያው ጋር ፈጽሞ አይገናኝም። አየሩን የፈለግነውን ያህል በጥንቃቄ ብንለካው እንዲህ ያለ ሽርፍራፊ ይቀራል፤ ሽርፍራፊው በቀናት ውስጥ ያድግና ትንበያውን ይውጠዋል። ከሁለት ሳምንት በኋላ በዚህ ቀን ይዘንባል ማለት የማይቻለው ለዚህ ነው።

ይህን ሳነብ የወንድሜ ጥያቄ የባሰ ከበደኝ። ሁለት ሳምንት ካልተቻለ መቶ ዓመት እንዴት? ብዙ አሰብኩና በመጨረሻ በዓይነ ሕሊናዬ ወንዝ መጣልኝ። ወንዝ ላይ የወደቀ ቅጠል ከየትኛው ድንጋይ ሥር እንደሚያዝ ማንም አይነግርህም፤ ትንሽ አዙሪት መንገዱን ይለውጠዋል። ወደ ላይ ዝናቡ ከበረታ ወንዙ እንደሚሞላ ግን ቅጠሉን ሳትከተል ታውቃለህ። ሁለቱም ጥያቄዎች ስለ አንድ ውሃ ናቸው፤ የሁለተኛው መልስ የሚገኘው ግን ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ ብሎ በመቁጠር ነው። የአየር ንብረት ስሌትም እንደዚያው ነው፤ ከፀሐይ የሚገባውንና ወደ ጠፈር የሚወጣውን ሙቀት ይቆጥራል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ መውጫውን ያጠብበዋል።

ምሳሌ ግን ማስረጃ አይደለም፤ ጋሼም በምሳሌ የሚረታ ሰው አይደለም። የተተነበየው ሆኗል ወይ? እኔን ያሳመነኝ የ1967ቱ ሥራ ነው። የአየር ንብረት ተመራማሪዎቹ ሱኩሮ ማናቤና ሪቻርድ ዌዘራልድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እጥፍ ቢሆን ምድር በ2 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ እንደምትሞቅ ሲያሰሉ ሌላም ነገር አሉ፤ ታችኛው አየር ሲሞቅ ላይኛው፣ ስትራቶስፌር የሚባለው፣ ይቀዘቅዛል። ሙቀቱ የመጣው ፀሐይ ስለበረታች ቢሆን ኖሮ ላይኛውም አብሮ በሞቀ ነበር። በሳተላይት ሲለካ ታችኛው እየሞቀ፣ ላይኛው እየቀዘቀዘ ነው የተገኘው። በዚያን ዘመን ኮምፒውተር እንዲህ ያለውን አስቀድሞ መናገር ቀላል ነገር አይደለም። ማናቤ በ2021 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። በ2020 የወጣ ጥናት ደግሞ ከ1970 እስከ 2007 የታተሙ 17 የሙቀት ትንበያዎችን ከሆነው ጋር አመሳክሮ 10ሩ እንደተገጣጠሙ፣ የጋዙ መጠን ከተገመተው መለየቱ ሲታሰብ ደግሞ 14ቱ እንደተገጣጠሙ አሳይቷል። ሦስቱ አልገጠሙም፤ ይህም ተጽፏል።

ወንድሜን ለጥርጣሬ ያበቃውን ነገር ግን ልክደው አልችልም። በ2007ቱ የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ሪፖርት ውስጥ የሂማላያ የበረዶ ግግር በ2035 ሊጠፋ እንደሚችል ተጽፎ ነበር፤ መሠረት የሌለው ሆኖ በመገኘቱ በ2010 ስህተት መሆኑ ታመነ። በ2013 የአሜሪካ መንግሥት ትንበያ አውጪዎች በአትላንቲክ ከ7 እስከ 11 ሃሪኬን ይኖራል አሉ፤ የመጡት ሁለት ናቸው። በ2005 ካትሪና ከተባለው ሃሪኬን በኋላ በየዓመቱ እየባሰ ይሄዳል ብለው አፋቸውን ሞልተው የተናገሩ ነበሩ። ከ2005 መጨረሻ እስከ 2017 ድረስ ግን ለ12 ዓመት ገደማ አንድም ከባድ፣ ማለትም ሦስተኛ ደረጃና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ሃሪኬን የአሜሪካን ምድር አልመታም። በእነዚያ ዓመታት እምነታቸውን ያጡ ሰዎችን አልወቅስም። የምወቅሰው አጋነው የተናገሩትን ነው፤ በስተኋላ እውነተኛው ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ዋጋውን የሚከፍሉት እነሱ አይደሉም።

ሪፖርቶቹ ራሳቸው የሚሉት ከዚያ የተቆጠበ ነው። የአውሎ ነፋስ ቁጥር ላይጨምር፣ እንዲያውም ሊቀንስ ይችላል፤ ከመካከላቸው እጅግ የበረቱት ድርሻ ግን ይጨምራል። አየሩ በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ የውሃ ትነት ስለሚይዝ ዝናቡ ይከብዳል። ባሕሩ ከፍ ስላለ ማዕበሉ ወደ የብሱ ርቆ ይገባል። እነዚህን አምናለሁ። በ2070 በእኔ ደጃፍ ስንት አውሎ ነፋስ እንደሚያልፍ ቆጥሮ የሚነግረኝ ቢመጣ ግን አላምነውም፤ እሱ ቅጠሏን እከተላለሁ የሚል ነው።

ደግሞ ኦዲሻን አስባለሁ። በ1999 ይህን የሕንድ ግዛት የመታው አውሎ ነፋስ ወደ 10,000 ሰው ገደለ። በ2019 ፋኒ የተባለው ሲመጣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ቀድሞ ከቤቱ ወጣ፤ የሞቱት በአሥሮች የሚቆጠሩ ነበሩ። ፋኒ በመጨረሻው ሰዓት ቢታጠፍ ኖሮ ያ ሁሉ ሰው ሕፃናቱንና ሽማግሌዎቹን ይዞ በከንቱ ተንከራተትን ብሎ ይመለስ ነበር። ለሚቀጥለውስ ስንቱ ይወጣ ነበር? ይህን ሳስብ የእናቴ ክንድ ነው የሚታየኝ።

ዛሬ ማታ አዲስ ማስታወቂያ ወጥቷል፤ ለከነገ ወዲያ። ሁለተኛውን መስመር፣ ሦስተኛውንም፣ ቁጥሩንም ሳላስቀር ደብተሬ ላይ ገለበጥኩት። ከዚያ ሙሉውን ለጋሼ ላክሁለት፤ ከሥሩ ምንም አልጨመርኩም። አይቶታል፣ አልመለሰልኝም። ከአንድ ሰዓት በኋላ የእማዬ አልጋ ከመስኮቱ ሥር ተነስቶ ወደ ውስጠኛው ክፍል መግባቱን የነገረችኝ ልጁ ናት።