የእንግሊዝ የመዝሪያ ሰሌዳ በጎንደር ጓሮ

እንግሊዝ አገር የምትኖረው እኅቴ የአትክልት ዘር ከነመዝሪያ ሰሌዳው ላከችልኝ። ሰሌዳው ቲማቲም በመጋቢት ቤት ውስጥ ተዘርቶ፣ ውርጭ ሲያልፍ በግንቦት መጨረሻ ወደ ውጭ እንዲወጣ ያዛል፤ እኔም ቃሉን ሳላጓድል ፈጸምሁ። ተክሉ ፍሬ ሊይዝ ሲል የሐምሌ ዝናብ ደረሰበትና ቅጠሉ በሻጋታ በሽታ ጠቁሮ አለቀ።

ሰሌዳውን መውቀስ አይገባም፤ የተዘጋጀው ውርጭን ለሚፈራ አገር ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ በሆነችው ወይና ደጋዋ ጎንደር ግን የአትክልተኛውን ወራት የሚወስኑት ከሰኔ ጀምሮ የሚጠናው ክረምትና እርሱን ተከትሎ የሚመጣው ረጅም ደረቅ በጋ ናቸው። ስለዚህ አሁን የቲማቲሙን ዘር በጳጉሜን ከዝናብ በተጠለለ መደብ ላይ አፈላና ችግኙን በጥቅምት አዛውራለሁ፤ በየሁለት ቀኑ ውኃ መቅዳቱ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ወገብ ይቆርጣል።

የሽንኩርቱ ችግር ግን ወር በመለወጥ የሚፈታ አልነበረም። በሰሜን አውሮፓ የሚዘራው ዝርያ ራስ የሚቋጥረው የቀኑ ብርሃን 14 ሰዓትና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው፤ የጎንደር ቀን ደግሞ በሰኔ እንኳ 13 ሰዓት አይሞላም። ቅጠሉ ብቻ ለምልሞ የቀረውን መደብ ያዩ አንዲት ጎረቤቴ፣ «ልጄ፣ ባሮ ሽንኩርት ነው እንዴ የተከልኸው?» አሉኝ። በዚህ ዓመት አጭር ቀን የሚስማማውን፣ በገበያችን የታወቀውን ቦምቤይ ሬድ ዘርቻለሁ።