ስለ መንግስት ዕዳ እያጠናሁ ነው፣ እስካሁን የገባኝ

ሰላም ቤተሰብ፣ እዚህ ኮምቦልቻ ከስራ መልስ ማታ ማታ ስለ መንግስት ዕዳ በራሴ እያነበብኩ ነው፣ እስካሁን የያዝኩትን ላካፍላችሁ፣ በተለይ አካውንቲንግና ኢኮኖሚክስ ለምትማሩት።

የጀመርኩት ሁሉም ከሚያወራው ነው፣ ዕዳው ከጂዲፒ (አገሪቱ በአመት ከምታመርተው ጠቅላላ ዋጋ) ስንት ፐርሰንት ነው ከሚለው። ኤክሴል ላይ ሰራሁት፣ ዕዳው 50% ቢሆን፣ ወለዱ 6%፣ ኢኮኖሚው ደግሞ የዋጋ ንረቱን ጨምሮ 8% ቢያድግ፣ መንግስት ከወለድ ውጪ ያለውን ወጪ በገቢው ከሸፈነ በአመቱ ወደ 49% ይወርዳል። አሪፍ ነው፣ ግን ጃፓን ከ200% በላይ ተሸክማ ትከፍላለች፣ እኛ ከ50% በታች ሆነን አቃተን፣ እንዴት?

መልሱ ዕዳው በምን ገንዘብ ነው የሚለው ላይ ነው ያለው። ጃፓን የተበደረችው በራሷ የን፣ አብዛኛውንም ከራሷ ሰው ነው። እኛ በ2007 ዓ.ም የሸጥነው ዩሮቦንድ (ለውጭ ባለሀብቶች በዶላር የሚሸጥ የብድር ሰነድ) 1 ቢሊዮን ዶላር ነው፣ ወለዱ 6.625%፣ በየ6 ወሩ 33 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ማለት ነው። ታህሳስ 2016 ላይ መንግስት አበዳሪዎችን እኩል ለማስተናገድ ነው ብሎ ይቺን ሳይከፍል ቀረ። በዛን ጊዜ ምንዛሬ በ57 ብር ብትመቷት 1.9 ቢሊዮን ብር ገደማ ነች፣ ሐምሌ 2016 ብሩ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በ115 ስትመቷት 3.8 ቢሊዮን ትሆናለች፣ አንድ ዶላር አዲስ ሳንበደር!!

ለዚህ ነው አይኤምኤፍና ወርልድ ባንክ ድሃ አገሮችን ሲገመግሙ ከጂዲፒው በተጨማሪ ኤክስፖርትንና የመንግስት ገቢን የሚያዩት። ዕዳ የመሸከም አቅማቸው ደካማ ለሚባሉት አመታዊ የውጭ ዕዳ ክፍያው ከኤክስፖርት 10%፣ ከገቢ 14% ካለፈ አደጋ ነው ይላሉ። እኔ ከሁሉም የኤክስፖርቷን ነው የማምነው፣ ዶላር ታክስ ተሰብስቦ አይገኝማ።

እዚሁ ደጃችን ያለውን የአዋሽ ኮምቦልቻ ሐራ ገበያ ባቡር ውሰዱ፣ ከቱርክ ኤግዚም ባንክና በክሬዲት ስዊስ በኩል በመጣ የውጭ ብድር የተሰራ ነው፣ ሐዲዱ ተነጥፎም መብራት ሳይገባለት ቆየ። ባቡሩ ቆመም ሄደም የብድሩ ቀን አይጠብቅም፣ ቢሄድ እንኳን ትኬቱና የጭነቱ ሂሳብ በብር ነው። በርግጥ የከባድ መኪና ነዳጅ ስለሚያስቀር ዶላር ያድናል፣ ስለዚህ መበደሩ ጥፋት ነው አልልም፣ ግን እንዲህ አይነት ስራ ረጅም የእፎይታ ጊዜ (ዋናው ብድር መመለስ የማይጀመርበት ጊዜ) ያለው ርካሽ ብድር ነው የሚፈልገው።

አሁን የአገር ውስጡን ጀምሬያለሁ፣ ትሬዠሪ ቢል (መንግስት ከአገር ውስጥ ለአጭር ጊዜ የሚበደርበት ሰነድ) ወለዱ ከዋጋ ንረቱ በታች ሲሆን ዕዳውን ማን እየከፈለው እንደሆነ እያየሁ ነው። ኤክሴሉን የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ።