ያልወረስሁት ክለብ

አዲስ አበባ ላደገ የእግር ኳስ ወዳጅ ክለብ ብዙ ጊዜ የሚመረጥ ነገር አይደለም። አባቱ የጊዮርጊስ ከሆነ እሱም የጊዮርጊስ ነው፤ ሰፈሩ የቡና ከሆነ ደግሞ ከዚያ ማፈንገጥ ከጎረቤት ሁሉ ጋር መኳረፍ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተ ክለብ በመሆኑ፣ እኔ ኳስ ማየት በጀመርሁበት ዘመን ድሉም፣ ሽንፈቱም፣ የሚዘመርለት ዜማም፣ የሚፎካከረው ባላንጣም አስቀድሞ ተሰናድቶ ጠብቆኛል። በአዲስ አበባ ስታዲየም ካሉት የመቀመጫ ክፍሎች ካታንጋ የሚገባው ማን እንደሆነ፣ ሚስማር ተራ ለምን እንደዚያ እንደሚንጫጫ፣ ጥላ ፎቅ የተቀመጠው ሰው ለምን ድምፁን እንደሚቆጥብ የሚያስረዳኝ ታላቅ አጠገቤ ነበረ። ከእኔ የሚጠበቀው የተሰጠኝን ተቀብሎ መያዝ ብቻ ነበር።

ዛሬ በየሳምንቱ ልቤን የሚያንጠለጥለው ክለብ ግን ከማንም አልወረስሁትም። ስሙ ፎርዋርድ ማዲሰን ነው፤ በአሜሪካ የዊስኮንሲን ግዛት ዋና ከተማ በሆነችው ማዲሰን የሚገኝ ሲሆን፣ መቋቋሙ በ2018 ይፋ ተደርጎ በ2019 መጫወት ጀመረ (ከጊዮርጊስ ምሥረታ በቀር እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የሚጫወተው ዩኤስኤል ሊግ ዋን በሚባለው ውድድር ነው። በአሜሪካ የወንዶች ፕሮፌሽናል እግር ኳስ ከላይ ኤምኤልኤስ አለ፤ ከእሱ ሥር ዩኤስኤል ቻምፒዮንሺፕ ይመጣል፤ እኛ ሦስተኛው እርከን ላይ ነን። የአውሮፓን ኳስ ብቻ ለሚከታተል ሰው ይህን ሁሉ ማስረዳት አድካሚ ስለሆነ፣ ብዙ ጊዜ «ትንሽ ክለብ ነው» ብዬ አልፈዋለሁ።

የክለቡ ምልክት ፍላሚንጎ ነው። ነገሩ የመጣው በ1979 የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ባስኮም በሚባለው ኮረብታ ላይ 1,008 የፕላስቲክ ፍላሚንጎዎችን ተክለው ከተማውን ካሳቁበት ቀልድ ሲሆን፣ በ2009 የከተማዋ ምክር ቤት የፕላስቲክ ፍላሚንጎን የከተማዋ ይፋዊ ወፍ አድርጎ ሰይሞታል። መጀመሪያ ማሊያውን ሳየው ሮዝ ቀለሙና ቀጭን እግር ያለው ወፉ አልተዋጠልኝም፤ ክለብ ማለት አንበሳ ወይም ንስር፣ ቢያንስ የሚያስፈራ ነገር ይዞ የሚወጣ መስሎኝ ነበር። ፍላሚንጎን አብያታ ሐይቅ ላይ በሕይወት ቆሞ ላየ ሰው ደግሞ የፕላስቲኩን ማክበር ትንሽ ይከብዳል። እየቆየሁ ስሄድ ግን የገባኝ፣ ታሪክ የሌለው ክለብ የከተማውን ቀልድ ተውሶ መነሣቱ የሌለውን ግርማ ለብሶ ከመነሣት የበለጠ ሐቀኝነት ያለበት መሆኑ ነው። ዛሬ ያ ማሊያ ከቁም ሣጥኔ ውስጥ በጣም የሚታጠበው ልብስ ሆኗል።

ሜዳው ብሪስ ስቲቨንስ ይባላል። በ1926 የተሠራና በሁለት ሐይቆች መካከል በምትገኘው ጠባብ የከተማ ክፍል ላይ ያረፈ ሲሆን፣ ወደ አምስት ሺህ የሚጠጋ ሰው ይይዛል። ትልቁ ጸጋው ቅርበቱ ነው። የእጅ ውርወራ ሊወስድ ወደ መስመሩ የሚመጣው ተከላካይ ካልሲው ባቱ ላይ በመቀስ የተቀደደ መሆኑን፣ በእጁ አንጓ ላይ ባሰረው ነጭ ፕላስተር ላይም በእስክሪብቶ የተጻፈ የሕፃን ስም መኖሩን ከመቀመጫዬ ሆኜ ማንበብ እችላለሁ። በረኛው ለተከላካዮቹ «ውጡ! ውጡ!» እያለ ሲጮኽ ድምፁ መጎርነኑን፣ የመስመር ዳኛው የአሰልጣኙን ቁጣ ላለመስማት ትከሻውን እንዴት እንደሚያዞር፣ ኳሷ ብረቱን ስትመታ ድምፁ በመላው ሜዳ እንዴት እንደሚያስተጋባ በቴሌቪዥን ያየሁት ኳስ ነግሮኝ አያውቅም። ጨዋታው አልቆ ተጫዋቾቹ ወደ አጥሩ ሲጠጉ፣ ቅድም ኳስ በማባከኑ ያማረርሁት አጥቂ እጄን ጨብጦ አመስግኖኝ ያልፋል፤ ይህ የተቺነት ነጻነቴን በጥቂቱም ቢሆን እንደሚቀንስብኝ መካድ አልችልም።

ከአንደኛው ግብ ጀርባ የሚቆመው የደጋፊዎች ስብስብ «ዘ ፍሎክ» ይባላል፤ መንጋው እንደማለት ነው። ከበሮ አለ፤ ሮዝ ጭስ አለ፤ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ቆሞ የሚዘምር ሰው አለ። እኔን ከሁሉ በላይ የማረከኝ ግን ዝማሬዎቹ ገና በመሠራት ላይ መሆናቸው ነበር። አንዱ ተነሥቶ አዲስ ግጥም ይጀምራል፤ ጥቂቶች ይከተሉታል፤ ዜማው ካልያዘ በዚያው ምሽት ይሞታል፤ ከያዘ ደግሞ በሚቀጥለው ጨዋታ ሕፃናት ሳይቀሩ ይሉታል። የትኛው መዝሙር ለግብ፣ የትኛው ለማዕዘን ምት እንደሚሆን በጨዋታ መሐል የሚከራከሩ ሰዎች ሰምቻለሁ። ጊዮርጊስ ዘንድ እንዲህ ያለውን ጉዳይ የወሰኑት ሰዎች ብዙዎቹ በሕይወት የሉም፤ እዚህ ግን የወሰነው ሰው ከፊቴ ቆሞ ቢራ ይጠጣል። የዚህ ክለብ ነባር ደጋፊ ማለት በ2019 የመጣ ሰው ስለሆነ እኔም ከነባሮቹ ተቆጥሬ አዲስ ለመጡት ታሪክ እነግራለሁ። እንዲህ በርካሽ ሽማግሌ የሚሆኑበት ሌላ ቦታ አላውቅም።

በዚያ የመጀመሪያ ዓመት ሊጉ ራሱ አዲስ ነበር፤ አሥር ክለቦች ነበሩበት። የእኛ ክለብ አራተኛ ሆኖ ለግማሽ ፍጻሜ ቢደርስም በኋላ ዋንጫውን ባነሣው በኖርዝ ቴክሳስ ተሸንፎ ወጣ፤ በተመልካች ቁጥር ግን ከሊጉ አንደኛ ነበር። በአዲስነቱ ሁሉም ነገር ጣፋጭ ስለነበረ ሽንፈቱ ብዙም አልቆረቆረኝም። የቆረቆረኝ ከዚያ በኋላ የሰማሁት ዜና ነው።

ከሚሺጋን ሐይቅ ማዶ፣ በሚሺጋን ግዛት ዋና ከተማ፣ ላንሲንግ ኢግናይት የሚባል ክለብ ነበረ። ከእኛ ጋር እኩል የተወለደ፣ በቤዝቦል ሜዳ ላይ የሚጫወትና በሰንጠረዡ ከእኛ በላይ ሆኖ የጨረሰ ክለብ ነው። ለጉርብትናው ስንል ባላንጣችን ይሆናል ብለን ጠብ የሚጭሩ ቀልዶች ጀምረንለት ነበር። ውድድሩ እንዳበቃ ክለቡ ተዘጋ። በሜዳ ላይ ምንም አላጎደለም፤ የገንዘቡ ስሌት አልሠራም፣ በቃ። እስከ 2022 መጨረሻ ድረስ ከመጀመሪያዎቹ አሥር ክለቦች አምስቱ ከሊጉ ወጥተዋል፤ ኦርላንዶ፣ ኖርዝ ቴክሳስና ቶሮንቶ የትልልቅ ክለቦች ሁለተኛ ቡድኖች ስለነበሩ የእናት ክለቦቻቸውን ውሳኔ ተከትለው ሄዱ፤ ቱሳን ደግሞ ወደ ታችኛው ሊግ ለመውረድ ራሱ መረጠ። በ2024 አዲስ በተጀመረው የሊጉ ዋንጫ ለፍጻሜ ደርሰን ኖርዘርን ኮሎራዶ ሄይልስቶርም ዋንጫውን ሲወስድብን ለቀናት ተናድጄ ነበር። ያን ዋንጫ ያነሣው ክለብ ግን በቀጣዩ ዓመት ውድድር ውስጥ አልነበረም።

ይህን እያሰብሁ ያደርሁበት ጊዜ አለ። በሀገራችንም ክለቦች በበጀት እጥረት ሲፈርሱ አይተናል፤ ነገር ግን የልጅነት ክለቤ ሊፈርስ ይችላል የሚል ሐሳብ አንድም ቀን በአእምሮዬ አልፎ አያውቅም ነበር። አሜሪካ ውስጥ ክለብ ማለት በመሠረቱ የሊግ አባልነት፣ የስታዲየም ኪራይ ውልና ኪሳራን ለተወሰኑ ዓመታት ሊሸከም የቆረጠ ባለሀብት ማለት ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ዘማሪው፣ ከበሮውና ማሊያው ሁሉ ባለቤት አልባ ይሆናል። ስለዚህ እዚህ ደጋፊነት ውስጥ ከሰንጠረዥ ጋር የማይያያዝ ጭንቀት አለ። ዝናብ ባለበት ቀን ወንበሮቹ ሳስተው ስመለከት የምቆጥረው ነጥብ ሳይሆን የገባውን ሰው ነው። ማክሰኞ ማታ ለሚደረግ የማይረባ ጨዋታ ከሥራ ወጥቼ በቀጥታ ወደ ሜዳ መሄዴን ቤተሰቤ እንደ ሱስ ያየዋል፤ እኔ ግን አንዱ ሰው በቀረ ቁጥር ያ ስሌት በጥቂቱ እንደሚዛባ ይሰማኛል። ጊዮርጊስ እኔ ብቀርበት አያውቀውም። ይህኛው ክለብ ያውቀዋል ማለቴ አይደለም፤ ሊያውቀው በሚችል መጠን ትንሽ ነው ለማለት ነው።

በ2020 ደግሞ በወረርሽኙ ገደብ ምክንያት በከተማችን መጫወት ስላልተቻለ የሜዳችን ጨዋታዎች ሚልዋኪ አጠገብ በምትገኘው ዋዋቶሳ ተደረጉ፤ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ስለዚያ ዓመት የምጽፈው ብዙ የለኝም። ክለቡ ከእሱ መትረፉ ይበቃኛል።

ሌላው መልመድ ያቃተኝ ነገር የተጫዋቾች መመላለስ ነው። በዚህ እርከን ብዙዎቹ ውሎች አጫጭር ናቸው፤ ጥሩ የተጫወተ ወደ ላይኛው ሊግ ይሄዳል፣ ያልተሳካለት ይሰናበታል፣ በውሰት የመጣው ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። በየመጋቢቱ የስም ዝርዝሩን እንደ አዲስ ተማሪ አጠናለሁ፤ አንድን የግራ ተከላካይ አካሄዱን ከሩቅ ለይቼ ማወቅ ስጀምር ጥቅምት ይደርስና ክለቡ በሁለት መስመር መልእክት አመስግኖ ይሸኘዋል። መጀመሪያ ላይ ይህ ንቀት መስሎ ይታየኝ ነበር። አሁን ግን ልጆቹ በዚህ ደመወዝ ዕድሜያቸውን ሙሉ እንዲቆዩልን መመኘት የእኔ ስስት እንደሆነ አምናለሁ፤ ከእኛ ሜዳ የወጣ አጥቂ በሁለተኛው እርከን ግብ ሲያስቆጥር ሌሊት ተነሥቼ ቪዲዮውን የምፈልገውም ለዚህ ነው። የክለቡን ትዝታ ከዓመት ዓመት የሚያሻግሩት እንግዲህ ከተጫዋቾቹ ይልቅ አጥሩን ተደግፈው የሚቆሙት ሰዎች ናቸው።

አዲስ አበባ ያለው አብሮ አደጌ የአርሰናል ደጋፊ ነው። ሲደውልልኝ ሁልጊዜ ከዚያው ይጀምራል፦ «እሺ፣ የወፏ ክለብ እንዴት ነው? ስንት ዋንጫ አላችሁ?»

«የለንም።»

«ታዲያ ምን ታያለህ?»

ለዚህ ጥያቄ ያዘጋጀሁት መልስ የአሜሪካ ኦፕን ካፕ ነው። ከ1914 ጀምሮ ሲካሄድ የኖረ፣ ትንንሾቹም ትልልቆቹን የሚገጥሙበት የጥሎ ማለፍ ውድድር ነው። ኤምኤልኤስ ከተጀመረ ወዲህ ከዚያ ሊግ ውጭ ሆኖ ይህን ዋንጫ የወሰደ ክለብ አንድ ብቻ ነው፤ በ1999 ሮቸስተር ራይኖስ ኮሎራዶ ራፒድስን 2 ለ 0 አሸንፎ አነሣው። በ2022 ደግሞ የሁለተኛው እርከን ሳክራሜንቶ ሪፐብሊክ ኤልኤ ጋላክሲን፣ ከዚያም ስፖርቲንግ ካንሳስ ሲቲን በመለያ ምት ጥሎ ለፍጻሜ ደረሰና በኦርላንዶ ሲቲ 3 ለ 0 ተሸነፈ። ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ዝም ብሎ ከሰማ በኋላ «እና እናንተስ?» ይለኛል። እኛማ ገና ነን። እሱን በርቀት ስለሚወደው ክለብ የምዘልፍበት ሞራል የለኝም፤ እኔም ለረጅም ዘመን እንደዚያው በሌሊት እየተነሣሁ ኖሬያለሁ። የምነግረው፣ ለክለቡ ያለው ፍቅር ስታዲየሙ ውስጥ የአንድ ወንበር ልዩነት እንኳ እንደማያመጣና የእኔ ግን እንደሚያመጣ ብቻ ነው። እሱ ይህን እንደ ጉራ ይወስደዋል፤ ትንሽም ጉራ አለበት።

አሁን ደግሞ አዲስ ጉዳይ መጥቷል። በመጋቢት 2025 የዩኤስኤል ክለቦች ባለቤቶች በሊጎቻቸው መካከል የመውጣትና የመውረድ ሥርዓት እንዲኖር በድምፅ ብልጫ ወስነዋል፤ ከ2027 እስከ 2028 ባለው ወቅት ይጀምራል የተባለ የአንደኛ ደረጃ ሊግም ታቅዷል። በዚህ ሀገር ፕሮፌሽናል እግር ኳስ እንዲህ ያለ ነገር አልተለመደም፤ እስካሁን ሊግ የሚቀየረው በገንዘብና በማመልከቻ ነው። ወራጅ ቀጠና የሚባለውን ፍርሃት ከልጅነቴ ጀምሮ ስለማውቀው ዜናውን ስሰማ ሀገሬ የገባሁ ያህል ደስ አለኝ፤ የሊጉ የመጨረሻ ሳምንታት ትርጉም ይኖራቸዋል፤ ዘጠነኛ ሆኖ መጨረስና አሥራ አራተኛ ሆኖ መጨረስ አንድ መሆኑ ያበቃል። በሌላ በኩል ደግሞ ሳይወርዱም የሚዘጉ ክለቦችን ካየሁ በኋላ፣ የወረደን ክለብ የሚሸከም ባለሀብት ይገኛል ወይ የሚለው ጥያቄ አይለቀኝም። ከላይ የሚጠየቀው ስታዲየምና ካፒታልም ቀላል አይሆንም፤ ያቺ የምወዳት ጠባብ ሜዳ በቂ ካልሆነችስ? ድምፅ ስጥ ብባል ግን ለለውጡ እሰጣለሁ። ወደ ላይ መውጫ የሌለው ሊግ ውስጥ የሚደረግ ጥረት ሁሉ መጨረሻው ከታጠረ ግቢ አይወጣም፤ ለመውጣት የሚታገል ክለብ መደገፍ ደግሞ ለመውረድ መጋለጥንም መቀበል ነው።

ይህ ሁሉ የሩቅ ነገር ነው። ለጊዜው የሚያስጨንቀኝ የመሐል አማካያችን ውሉን ማደስ አለማደሱ ነው፤ ክለቡ እስካሁን አንድም ቃል አልተነፈሰም፣ ልጁም ሰሞኑን የሁለተኛ እርከን ክለብ ማሠልጠኛ ሜዳ አካባቢ ታይቷል ይባላል።