ፎቶ የሚነሣው ጎጆ
ዛሬ ላሊበላ፣ ከቤተ ማርያም አቅራቢያ ጧፍ የሚሸጡ አንዲት እናት፣ ቱሪስቶች ፎቶ ወደሚያነሡት ባለ ሁለት ደርብ ክብ የድንጋይ ጎጆ እያመለከቱ «ልጄ፣ እኔ እዚያ ነው የወለድኩት» አሉኝ። በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ይኖሩ የነበሩት ሰዎች ለቅርሱ ጥበቃና ለቱሪዝም ልማት ሲባል ወደ ሌላ ሰፈር ሲዛወሩ፣ ከጎጆዎቹ አንዳንዶቹ ለእይታ ቀርተዋል። የእሳቸው ጎጆ ግድግዳው እንዳማረ ነው፤ ጣሪያው ግን ጭስ አይወጣበትም፣ በሩም ተዘግቷል። ቀድሞ ከደጃቸው ሆነው ይሰሙት የነበረውን ቅዳሴ ለማስቀደስ አሁን በሌሊት ረጅም መንገድ ይጓዛሉ።

ላሊበላ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበች ወዲህ ሆቴሎቹ ገደሉን ይዘው ተሠርተዋል፤ በአንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ላይ ከዝናብ እንዲከልል እ.ኤ.አ. በ2008 የተተከለው ግዙፍ የብረት መጠለያም ጊዜያዊ ቢባልም ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቷል። ዝናብና ፍሳሽ ዓለቱን ስለሚጎዱት ጥበቃውን አልቃወምም (መጠለያውን ግን ዓይኔ እስካሁን አልለመደውም)። ቢያንስ ጎጆዎቹን ለጎብኚ የሚያስረዱት የኖሩባቸው ሰዎች ቢሆኑና ከመግቢያው ገቢም ድርሻ ቢኖራቸው እላለሁ።